ስለ ውጣ ውረድ ልክ
በአንድ ፊት ስለሚሄዱ ቍጥሮችና ውጣ ውረዳቸው ስለ ተወሰነ ቍጥሮች ለመምህራንና ለሽማግሎች የተነገረ



መደመርንና መቀነስን ፈጽሞ የማያውቅ ባለ እህል ወይም ባለ ገንዘብ አይገኝም። ዳሩ ግን አንድ ነገር ሲጨምርና ሲቀንስ ከርሞ በመጨረሻ የደረሰበትን ብቻ አይቶ መፍረድ ከእውነት እንደሚያርቅ የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግር ስለዚሁ ነገር ነው። ነገሩን የአውሮፓ የሒሳብ ሊቃውንት መርምረው፥ ስም አውጥተው፥ ወሰኑንም ለይተው ጽፈውታል፤ ትምህርቱም በዓለም ባሉ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። አጻጻፉ በምልክት የተሞላ ስለ ሆነ ለብዙ ሰው የተዘጋ ደጅ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥሩ በጎተራና በመንገድ፥ በባሕረ ሐሳብም ቍጥር የሚገኝ ነውና ለባላገር ልጅ ሊገለጥ ይችላል።

የንግግሩ አከፋፈል እንዲህ ነው። አስቀድሞ በአንድ ፊት የሚሄድ ቍጥር ምን እንደ ሆነ ይነገራል፤ ቀጥሎ የውጣ ውረድ ልክ እንዴት እንደሚገኝ፤ ከዚያም ውጣ ውረድ ሁሉ በሁለት ዓምድ እንዴት እንደሚከፈል፤ ከዚያም ወሰን የሌለው ውጣ ውረድ እንዳለ ይገለጣል፤ በመጨረሻም በትምህርት ቤት እንዴት እንደሚሰጥ ይነገራል።

አንደኛ፤ ስለ ቃሉ። ሊቃውንት ፎንክሲዮን የሚሉት አንዱ ቍጥር በተሰጠ ጊዜ ሌላው ቍጥር አብሮ የሚታወቅበትን ሥርዓት ነው። ቀኑ ሲነገር በዚያ ቀን በጎተራ ያለው እህል ይታወቃል፤ መንገደኛው የተጓዘው ርቀት ሲነገር የቆመበት ከፍታ ይታወቃል። ከእነዚህም ውስጥ ከቶ ወደ ኋላ የማይመለሱ አሉ። የሕፃን ዕድሜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ የሚነድ ጧፍ ርዝመት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። እንዲህ ያለውን ሞኖቶን ይሉታል። ቃሉ ከጽርዕ የመጣ ነው፤ ሞኖስ አንድ፥ ቶኖስም ድምፅ ወይም ቃና ማለት ነውና። በዚህ ንግግር ግን በአንድ ፊት የሚሄድ ተብሎ ይጠራል። በአንድ ፊት የሚሄድ ማለት ዘወትር የሚንቀሳቀስ ማለት አይደለም፤ ለጊዜው ሊቆም ይችላል፤ የተከለከለው ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ነው።

በአንድ ፊት የሚሄድ ቍጥር ሁለት መልካም ጠባይ አለው። የመጀመሪያው፥ ዳርና ዳሩን ያወቀ ሰው ጕዞውን ሁሉ ለካ ማለት ነው። ከ20 ተነሥቶ ወደ ኋላ ሳይመለስ 50 የደረሰ ቍጥር በመካከሉ በስንት ደረጃ ቢያልፍ የደረጃዎቹ ድምር 30 ነው፤ ከዚህ አይበልጥም፥ አያንስምም።

ሁለተኛው ጠባዩ ስለ ዝላዩ ነው። እህል ወደ ጎተራ ሲገባ አንዳንድ ጊዜ ጥቂት በጥቂት፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ጊዜ ብዙ ይገባል፤ ይህም ዝላይ ይባል። በዓመቱ የገባው በጠቅላላው 100 ዳውላ ከሆነ፥ ወጪም ከሌለ፥ 10 ዳውላ ወይም ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ የገባበት ጊዜ ከ10 ሊበልጥ አይችልም፤ ቢበልጥ ድምሩ ከ100 ያልፍ ነበርና። እንዲሁም 1 ዳውላ ወይም ከዚያ በላይ የገባበት ጊዜ ከ100 አይበልጥም፤ የዳውላ አሥረኛ እጅ ወይም ከዚያ በላይ የገባበትም ከ1000 አይበልጥም። ስለዚህ መዝጋቢው አስቀድሞ ትልልቆቹን ዝላዮች፥ ቀጥሎ መካከለኞቹን፥ ከዚያም ትንንሾቹን እያለ ቢጽፍ ከዝላዮቹ አንዱ እንኳ ሳይቀር ሁሉም ተራ ቍጥሩን ያገኛል። ዝላዮቹ ፍጻሜ ባይኖራቸው እንኳ አንደኛ፥ ሁለተኛ፥ ሦስተኛ ተብለው የሚቈጠሩ ናቸው። ይህ ከሒሳብ ሊቃውንት ሕግ አንዱ ነው፤ ማስረጃውም ከጎተራው ሒሳብ የተለየ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ስለ ውጣ ውረድ ልክ። በዓለም ያለው ነገር አብዛኛው በአንድ ፊት አይሄድም። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ደጀን የሚሄድ መንገደኛ ከደጋ ተነሥቶ ደጋ ይደርሳል፤ የሁለቱ አገር ከፍታ ልዩነት ጥቂት ነው። ዳሩ ግን በመካከላቸው የዓባይ ሸለቆ አለና ከ1000 ሜትር በላይ ወርዶ እንደ ገና ከ1000 ሜትር በላይ ይወጣል። ዳርና ዳሩን ብቻ አይቶ «መንገዱ ሜዳ ነው» የሚል ሰው የበቅሎውን ድካም አያውቅም።

ይህም በጎተራ እንዲህ ይታያል። አንድ መንደር በማኅበር እህል ቢያከማችና ጠባቂ ቢሾም፥ ለጠባቂውም ስለሚያስገባውና ስለሚያወጣው ዳውላ ሁሉ አንዳንድ ቍና ደመወዝ ቢቈረጥለት፥ የጎተራው ልክ በኅዳር 40፥ በታኅሣሥ 70፥ በጥር 55፥ በየካቲት 90፥ በመጋቢት 60፥ በሚያዝያ 40 ዳውላ ሆኖ ቢገኝ፥ ሽማግሎቹ በሚያዝያ ተሰብስበው «በኅዳር 40 ነበረ፤ ዛሬም 40 ነው፤ የተሠራ ሥራ የለም» ቢሉ በጠባቂው ላይ ግፍ ይሆናል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 30፥ ከጥር እስከ የካቲት 35 ወጥቷል፤ ይህ 65 ነው። ከታኅሣሥ እስከ ጥር 15፥ ከየካቲት እስከ መጋቢት 30፥ ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ 20 ወርዷል፤ ይህም 65 ነው። መውጣቱ ከመውረዱ ሲቀነስ ምንም አይቀርም፤ መውጣቱና መውረዱ ሲደመር ግን 130 ነው። ይህ 130 ጠቅላላ ውጣ ውረድ ይባላል። የጠባቂው ደመወዝ የሚቈረጠው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ሽማግሎቹ በየወሩ መለካታቸውን ትተው በኅዳር፥ በጥር፥ በመጋቢትና በሚያዝያ ብቻ ለክተው ቢሆን ኖሮ 40፥ 55፥ 60፥ 40 ያገኙ ነበር። በዚህ አለካክ መውጣቱ 20፥ መውረዱም 20፥ ጠቅላላውም 40 ይሆናል፤ ዘጠናው ዳውላ ከዐይናቸው ተሰወረ ማለት ነው። ስለ ምን ቢሉ፥ ከ40 ወደ 55 በቀጥታ የሚሄድ 15 ብቻ ይሄዳል፤ በ70 በኩል ዞሮ የሚሄድ ግን 30 ወጥቶ 15 ይወርዳልና 45 ይሄዳል። ስለዚህ በሁለት መለኪያ ቀኖች መካከል አንድ ቀን ቢጨመር ድምሩ ወይ ባለበት ይቆማል፥ ወይ ይጨምራል፤ ከቶ አይቀንስም። በሁለት ምርመራ መካከል 10 ዳውላ አውጥቶ ለራሱ የነገደ፥ ከምርመራውም በፊት የመለሰ ጠባቂ ቢኖር የሚታወቀው መለኪያው ሲደጋገም ብቻ ነው።

እንግዲህ ሊቃውንት ትርጓሜውን ያቆሙት በዚሁ ላይ ነው። ለኪው ወሩን በቀን፥ ቀኑን በሰዓት፥ ሰዓቱንም በደቂቃ እየከፋፈለ የቱንም ያህል ቢያጠብቅ፥ የውጣ ውረዱ ድምር ከቶ የማያልፈው አንድ ወሰን ከተገኘ፥ ያ ቍጥር ውጣ ውረዱ የተወሰነ ይባላል። ከእንዲህ ያሉ ወሰኖችም ሁሉ የሚያንሰው ጠቅላላ ውጣ ውረዱ ነው።

የባሕረ ሐሳብ ተማሪ የሆነ ሰው ይህን በአበቅቴ ይመርምር። አበቅቴ በየዓመቱ 11 ይጨምራል፤ ከ30 ሲያልፍ 30 ይገደፋል። ወንበር አልቦ ከሆነበት ዓመት ጀምሮ ሲቈጠር አልቦ፥ 11፥ 22፥ 3፥ 14፥ 25፥ 6፥ 17፥ 28፥ 9፥ 20፥ 1፥ 12፥ 23፥ 4፥ 15፥ 26፥ 7፥ 18 ይሆንና በ19 ዓመት ንኡስ ቀመር ሲፈጸም ወደ አልቦ ይመለሳል። ዳርና ዳሩን ብቻ የሚያይ «አልቦ ነበረ፥ አልቦ ሆነ» ይላል። ተቈጥሮ ሲታይ ግን 12 ጊዜ 11 እየወጣ 132 ወጥቷል፤ 6 ጊዜ 19 እየወረደ 114፥ በመጨረሻም 18 ወርዶ በጠቅላላው 132 ወርዷል። ስለዚህ የአንድ ንኡስ ቀመር ጠቅላላ ውጣ ውረድ 264 ነው። መጥቅዕም ከአበቅቴ ጋር ሲደመር ዘወትር 30 ይሆናልና አበቅቴ በወጣበት ልክ ይወርዳል፥ በወረደበትም ልክ ይወጣል፤ የእርሱም ጠቅላላ ውጣ ውረድ ይኸው 264 ነው።

ሦስተኛ፤ ውጣ ውረድ በሁለት ዓምድ ስለ መከፈሉ። ነገሩ ወደ ሊቃውንት ዘንድ የገባው ስለ ሙቀት በተደረገ ምርመራ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ዦዜፍ ፉርዬ የሚባል ፈረንሳዊ፥ በ1798 ከናፖሌዎን ጋር ወደ ግብጽ ዘምቶ በካይሮ የተቋቋመው የሊቃውንት ማኅበር ጸሓፊ የነበረው፥ ሙቀት በብረትና በሌላ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚተላለፍ መረመረ። በ1807 ለፓሪስ ሊቃውንት ባቀረበው ጽሕፈት፥ በ1822ም ባሳተመው መጽሐፍ፥ ማናቸውም የተጣመመ መስመር እኩል የሚመላለሱ ሞገዶችን በመደመር ሊሠራ ይችላል አለ። ብዙዎች ተጠራጠሩ፤ ማስረጃው ገና አልተሟላም ነበርና። በ1829 ዲሪክሌ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ማስረጃውን በጥንቃቄ አቆመ፤ ነገር ግን መስመሩ በአንድ ፊት ወደሚሄዱ ጥቂት ክፍሎች የሚከፈል፥ ኰረብታውም ሸለቆውም ተቈጥሮ የሚያልቅ እንዲሆን ግድ አለ።

ከዚህ በኋላ ካሚይ ዦርዳን ተነሣ። ዦርዳን በ1838 በሊዮን ከተማ የተወለደ፥ በሞያው የማዕድን መሐንዲስ የነበረ፥ በፓሪስም ሒሳብን ያስተማረ ሰው ነው። እርሱ በ1881 ባወጣው ጽሕፈት የኰረብታውን ብዛት መቍጠር እንደማያስፈልግ አሳየ፤ የሚያስፈልገው የከፍታቸው ድምር ወሰን እንዲኖረው ነው። ኰረብታዎቹ ፍጻሜ ባይኖራቸው እንኳ ጠቅላላ ውጣ ውረዳቸው ከተወሰነ የፉርዬ ሞገዶች ድምር በየነጥቡ ቍርጥ ወዳለ ቍጥር ይደርሳል፤ መስመሩ በሚዘልልበትም ስፍራ ከዝላዩ በፊትና በኋላ ባለው በመካከሉ ላይ ያርፋል።

ዦርዳን ይህን ያገኘበት መንገድ በሒሳብ መዝገብ ለሚሠራ ሰው ሁሉ የታወቀ ነው። ማናቸውም ውጣ ውረዱ የተወሰነ ቍጥር በአንድ ፊት የሚወጡ የሁለት ቍጥሮች ልዩነት ነው አለ። ይኸውም ገቢና ወጪ ነው። የጎተራው ልክ ይወጣል ይወርዳል፤ ነገር ግን የገቢው ዓምድ እየተደመረ ሲጻፍ ከቶ አይቀንስም፤ የወጪውም ዓምድ እየተደመረ ሲጻፍ ከቶ አይቀንስም። በማናቸውም ቀን በጎተራ ያለው እህል መጀመሪያ የነበረው ሲደመር ገቢው፥ ሲቀነስ ወጪው ነው። የሁለቱ ዓምድ ልዩነት ከመጀመሪያው ጋር ተደምሮ ቀሪውን ይነግራል፤ የሁለቱ ዓምድ ድምር ጠቅላላ ውጣ ውረዱን ይነግራል። ከዚህ በላይ ባለው ምሳሌ ገቢው ሲደመር 30፥ ከዚያ 65፤ ወጪውም 15፥ ከዚያ 45፥ ከዚያ 65 ይሆናል። ተቃራኒውም እውነት ነው፤ በአንድ ፊት የሚወጡ ሁለት ቍጥሮች ተቀናንሰው የሚገኘው ሁሉ ውጣ ውረዱ የተወሰነ ነው፤ ከሁለቱ ዓምድ ድምር ሊያልፍ አይችልምና።

ነገር ግን አንድ ቀሪ ሒሳብ በብዙ ዓይነት ዓምድ ሊጻፍ ይችላል። ያልገባ 10 ዳውላ ገባ ብሎ፥ በዚያውም ቀን 10 ዳውላ ወጣ ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢኖር ቀሪው አይለወጥም፤ ሁለቱ ዓምዶች ግን ያብጣሉ፤ ደመወዙ በጠቅላላ ውጣ ውረድ የሚቈረጥ ከሆነ ሐሰተኛው 20 ቍና ያለ አግባብ ይበላል። ዦርዳን የሠራቸው ሁለቱ ዓምዶች ግን ከሚቻሉት ሁሉ የሚያንሱት ናቸው፤ የጎተራው ልክ ራሱ ከሚመሰክረው በላይ አንድ ቍና እንኳ አይጨምሩም። መርማሪ የሆነ ሽማግሌ የተጻፈውን ዓምድ ከዚህ ከሚያንሰው ዓምድ ጋር ያስተያይ። በመዝገቡ ትርፍ ከተገኘ፥ በሁለት መለኪያ መካከል በእውነት ገብቶ የወጣ እህል እንደ ነበረ ባለ መዝገቡ በምስክር ያስረዳ፤ ካላስረዳ መዝገቡ ጥርጣሬ አለበት።

አራተኛ፤ ወሰን ስለሌለው ውጣ ውረድ። «ነገሩ በጣም ከፍ ካላለ፥ በጣምም ዝቅ ካላለ፥ ዝላይም ከሌለው፥ ውጣ ውረዱ የግድ የተወሰነ ይሆናል» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ይህ ትክክል አይደለም። ርዝመቱ 1 ኪሎ ሜትር የሆነ መንገድ በሐሳብ ይቀረጽ። የመጀመሪያው ኰረብታ የመንገዱን እኩሌታ ይያዝ፤ ሁለተኛው የቀረውን እኩሌታ፤ ሦስተኛው ደግሞ የቀረውን እኩሌታ፤ እንዲህ እየሆነ ያለ ፍጻሜ ይቀጥል። ኰረብታዎቹ ሁሉ ተጠጋግተው በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያልቃሉ። ከፍታቸውም 1 ሜትር፥ የሜትር እኩሌታ፥ ሢሶ፥ ሩብ፥ አምስተኛ እጅ እያለ ይነስ። መንገዱ ከየትም አይቋረጥም፤ ከ1 ሜትር በላይ አይወጣም፤ በመጨረሻም ከመሬቱ እኩል ይሆናል።

አሁን መውጣቱ ይደመር። ሢሶና ሩብ ሲደመሩ ከእኩሌታ ይበልጣሉ። ከአምስተኛ እጅ እስከ ስምንተኛ እጅ ያሉት አራቱ እያንዳንዳቸው ከስምንተኛ እጅ አያንሱምና ድምራቸው ከእኩሌታ ይበልጣል። ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ስድስተኛ ያሉት ስምንቱም እንዲሁ ከእኩሌታ ይበልጣሉ። ስለዚህ እኩሌታ በእኩሌታ ላይ ያለ ፍጻሜ ይደራረባል፤ 100 ሜትር ቢባል ያልፈዋል፥ 1000 ሜትር ቢባልም ያልፈዋል። ይህን ድምር በ14ኛው መቶ ዓመት ኒኮል ኦሬም የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ፥ ኋላም ጳጳስ የሆነ፥ በዚሁ መንገድ አስረድቶታል። እንግዲህ ያ አጭር መንገድ ውጣ ውረዱ ወሰን የለውም፤ ገቢና ወጪም ተብሎ በሁለት ዓምድ ሊጻፍ አይቻልም። ከፍታዎቹ ግን በየጊዜው በእኩሌታ እየቀነሱ 1፥ እኩሌታ፥ ሩብ፥ ስምንተኛ ቢሆኑ ኖሮ ድምራቸው ከ2 ሜትር አያልፍም ነበር፤ ኰረብታዎቹ ፍጻሜ ባይኖራቸውም ጠቅላላ ውጣ ውረዱ 4 ሜትር ይሆን ነበር።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ነገር ተገኘ። በ1872 ቫየርሽትራስ የሚባል ጀርመናዊ ከየትም የማይቋረጥ፥ ነገር ግን በአንድ ነጥብ እንኳ ተዳፋቱ ይህን ያህል ነው የማይባል መስመር ለበርሊን ሊቃውንት አሳይቶ ነበር፤ ብዙዎችም ተደናገጡ። በ1904 አንሪ ለቤግ የሚባል ፈረንሳዊ ያልተቋረጠና በአንድ ፊት የሚሄድ ቍጥር ከጥቂት ነጥቦች በቀር በስፍራው ሁሉ ቍርጥ ያለ ተዳፋት እንዳለው አስረዳ፤ ጥቂት የተባሉትም ነጥቦች አንድ ላይ ቢሰበሰቡ ርዝመት የላቸውም። ኋላም ሌሎች ሊቃውንት ይህ ሕግ ለሚዘልለውም እንደሚሠራ አስረዱ። ገቢውም ወጪውም እንዲህ ከሆኑ ልዩነታቸውም እንዲሁ ነውና፥ ውጣ ውረዱ የተወሰነ ቍጥር ሁሉ ከዚህ በረከት ይካፈላል። የቫየርሽትራስ መስመር ውጣ ውረዱ ያልተወሰነ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

መሬት በገመድ ለሚለካም ሰው ነገሩ ቅርብ ነው። የተጣመመ ድንበር ርዝመቱ እንዲህ ነው ተብሎ ሊነገር የሚችለው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ያለው፥ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብም ያለው ውጣ ውረዱ የተወሰነ ሲሆን ብቻ ነው። ይህንም ያስረዳ ያው ዦርዳን ነው። ወደ ዘመናችን ቀረብ ሲባል ደግሞ በ1992 ሩዲን፥ ኦሸርና ፋተሚ የሚባሉ ሦስት ሊቃውንት የተበላሸ ፎቶግራፍ በዚህ ሒሳብ የሚጠራበትን መንገድ አሳተሙ። በሥዕሉ ላይ የተበተነው ጕድፍ ውጣ ውረዱን እጅግ ያበዛዋል፤ ስለዚህ ሥዕሉን ከመጀመሪያው ብዙ ሳያርቁ ጠቅላላ ውጣ ውረዱን ማሳነስ ጕድፉን ያስወግዳል፤ የሕንፃው ጠርዝ ግን እንደ ነበረ ይቀራል። ስለ ምን ቢሉ፥ አንድ ትልቅ ዝላይ ልኩ እንደ ተወሰነ ነው፤ ልኩን የሚያበዛው ያለ ማቋረጥ መንቀጥቀጥ ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ማስተማር። መምህሩ ምልክትን ከማስተማሩ በፊት ጠጠር ይያዝ። ተማሪዎቹ በሁለት ይከፈሉ፤ አንዱ ጠጠር ወደ ቅርጫት ያግባ፥ ሁለተኛው ያውጣ፥ ሌሎቹም በሰሌዳ ላይ ሁለቱን ዓምድና ቀሪውን ይጻፉ። ከዚያ በኋላ መምህሩ ዓምዶቹን ደምስሶ ቀሪውን ብቻ ይተው፤ ለምሳሌ 5፥ 9፥ 7፥ 12፥ 12፥ 6። ተማሪውም ዓምዶቹን ከዚህ ያውጣ፤ መውጣቱ 4ና 5፥ በድምሩ 9፤ መውረዱ 2ና 6፥ በድምሩ 8፤ ልዩነቱ 1፥ ጠቅላላ ውጣ ውረዱም 17 ይሆናል። ቀጥሎ ከቀሪዎቹ አንዱ ይደምሰስና ጠቅላላው ለምን እንዳነሰ ወይም ለምን እንዳልተለወጠ ተማሪው ራሱ ይናገር። ከሁለቱ 12 አንዱ ቢደመሰስ ምንም አይለወጥም፤ 9ኙ ቢደመሰስ ግን ከ5 ወደ 7 በቀጥታ ይኬዳልና ጠቅላላው 13 ብቻ ይሆናል። ይህን ያስተዋለ ልጅ የዦርዳንን ሕግ ግማሹን አወቀ።

ሽማግሎችም በማኅበር ገንዘብ፥ በዕቁብ፥ በመንደር እህል ላይ የሚነሣ ክርክር ሲቀርብላቸው ቀሪው ስንት እንደ ሆነ ብቻ አይጠይቁ። ገቢው ብቻውን፥ ወጪውም ብቻውን ተደምሮ እንዲቀርብ ያዝዙ፤ በስንት ቀን አንድ ጊዜ እንደ ተለካም ይጠይቁ። ቀሪው እኩል ስለ ሆነ ብቻ የሠራው ሰው ሳይከፈለው፥ የደበቀውም ሳይጠየቅ የቀረበት መንደር ብዙ ነው። ሁለቱን ዓምድ በየሳምንቱ የሚጽፍ አንድ የተማረ ልጅ ከየትምህርት ቤቱ ቢገኝ ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ወረቀቱንና ቀለሙንም መንደሩ ቢችልለት ወጪው ከአንድ የክርክር ቀን ድግስ አይበልጥም።